ያልተስማማው ሰውዬ

ግራና፣ ሰኔ 27 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለወንድሜ ለሙሐመድዘይን፣

አሰላሙ ዐለይኩም። እንደምን ሰንብተሃል? ልጆቹስ? እኛ አልሐምዱሊላህ አለን፤ ይህም መኖር ከተባለ። ስልክ ያልደወልኩት ቁጥርህ ጠፍቶብኝ አይደለም። በስልክ ገና ሳልጀምር ትረታኛለህ፤ ወረቀት ላይ ግን አታቋርጠኝም። ደብዳቤውን የሚያደርስልህ ጎረቤታችን ሹፌሩ ደሳለኝ ነው፤ ጭነት ይዞ ወደ ሐዋሳ እየወረደ ነው። ምሳ ጋብዘው፤ ውለታ አለብን። የምን ውለታ እንደሆነ እያነበብክ ትደርስበታለህ።

በአረፋ መጥተህ ግቢያችን ውስጥ ለመቀባበሪያ ማኅበራችን፣ ለቅሬው ሽማግሌዎች የሰጠኸውን ትምህርት ታስታውሳለህ? እኔ የኛንም፣ ደሳለኝ ለክርስቲያኖቹ ያረደውንም ሥጋ እያመላለስኩ ሁሉንም ሰምቻለሁ። ሰው ሰው ስለሆነ ብቻ ይዞት የሚወለደው መብት የለም አልክ። መብት ሰዎች ሲስማሙ የሚፈጥሩት ነው፤ ስምምነት በሌለበት መብት የለም፤ ሌላው ሁሉ የሚጣፍጥ ተረት ነው አልክ። ሽማግሌዎቹ «ወይ መማር!» እያሉ ተደነቁ። አባባ ብቻ «ታዲያ ያልተስማማው ሰውዬስ?» ብለው ጠየቁህ። ሳቅህና «እሱ ሌላ ምዕራፍ ነው» ብለህ ለስላሳህን ጨለጥክ። በማግስቱ ወደ ዩኒቨርሲቲህ ሄድክ፤ እኛ ከነትምህርትህ ቀረን።

ይኸውልህ፣ ያ ሌላ ምዕራፍ መጣ። ከመርሳ በኩል በእግሩ የመጣ አንድ ዝምተኛ ሰውዬ ነበር። ስሙን የሚያውቅ የለም፤ ሃይማኖቱንም። የኛ ሰው ዱዓ ሲያደርግ እጁን ይዘረጋል፣ በቤተ ክርስቲያን በኩል ሲያልፍም ይሳለማል፤ የሰጡትን ይበላል። ባለፈው ሳምንት እህል ገበያው በረንዳ ላይ ሞቶ ተገኘ።

አባባ ቃሬዛና ቀባሪ ሊለምኑ ወደ ቅሬው ዳኛ፣ ወደ ጋሽ ዘውዱ ሄዱ። ጋሽ ዘውዱ ክፉ ሰው አይደሉም፤ እናታችን የሞተች ጊዜ ከድንኳናችን ሳይነሱ እንደሰነበቱ ታውቃለህ። አሁን ግን አዲስ እውቀት አግኝተዋላ! «ጋሼ ሙሄዲን፣ የአንቱው ልጅ አይደለም ወይ ያስተማረን? ቅሬ ማለት ስምምነት ነው። ሰውዬው ከእኛ ጋር አልተስማማም፤ እኛ ዘንድ ምንም የለውም» አሏቸው። የኛዎቹም የነሱም ሽማግሌዎች «እውነት ነው» አሉ። ለዚህ ለዚህ ሲሆን እንዴት አንድ እንደሚሆኑ ባየህ!

አባባ «እኔስ ከማን ጋር ተስማምቼ ነው እናቴ ያጠባችኝ?» አሉና የቅሬውን ቃሬዛ ከተሰቀለበት አውርደው ይዘው ወጡ። ሳያስፈቅዱ! በዚያ እድሜያቸው! ከደሳለኝ ጋር ሆነው ማሽላ ማሳችን ዳር ቆፈሩ። እኛ ሴቶች ቀብር አንወጣም፤ ተሸካሚ ሲጠፋ ግን ምን ላድርግ፣ እኔም ወጣሁ። አባባ የጀናዛ ሰላት ሰገዱ፣ ደሳለኝ አማተበ። የሰውዬውን የሚያውቀው አላህ ነው።

ከዚያ ቅሬው አባባን አባረራቸው። የጋራ ዕቃ ያለ ፈቃድ ወስደዋል፣ ስምምነት አፍርሰዋል ተባሉ። እንግዲህ በአንተው ትምህርት፣ ይህን መንደር ሲቀብሩ የኖሩት አባትህ በረንዳ ላይ ከሞተው ሰውዬ ጋር እኩል ሆነዋል። ደስ ይበልህ።

«ይቅርታ ይበሉና ይለቅ» ብዬ ለመንኳቸው። «ሰው ቀብሬ ነው ይቅርታ የምለው? ልጄ መጥቶ ጀምሮ የተወውን ይጨርስላቸው» ይሉኛል። አንዱ አይመጣ፣ አንዱ አይሰማ! በእናንተ ግትርነት መሃል እኔ ልበድ እንዴ? ጋሽ ዘውዱም ገበያ ላይ ሲያገኙኝ አንገታቸውን ይደፋሉ። መመለሻ አጥተው እንጂ ጨክነው አይደለም። አንተ «ተሳስቻለሁ» ብትላቸው ቀድመው ደጃችን የሚመጡት እሳቸው ናቸው። እኔን አይሰሙኝም፤ እኔ ሥጋ አመላላሽ ነኝ።

አባባ ደህና ናቸው። ከዚያ ቁፋሮ ወዲህ ብቻ ደረታቸውን ትንሽ ይዟቸዋል። ወልድያ ድረስ ወስጃቸው ሐኪም አይቷቸዋል፤ መድኃኒት ይዘን ተመልሰናል። ምግብ አሻፈረኝ ብለዋል፤ አጥሚት ግን ይቀምሳሉ። አልጋቸው ላይ ቁጭ ብለው ሁለት ረጃጅም የባሕር ዛፍ እንጨት ይልጣሉ። ለምን እንደሆነ ብጠይቃቸው «ለአጥር ነው» አሉኝ። አጥራችን የድንጋይ ካብ መሆኑን አትረሳም መቼም።

ተናድጄብሃለሁ፤ ናፍቀኸኛልም። መጽሐፍህን እጠፍና ና። አላህ መንገድህን ያቅናልህ፣ አንደበትህንም ለደግ ነገር ያድርገው።

ቃሬዛ አራት ትከሻ ይፈልጋል። ደሳለኝ አለ፣ እኔም አለሁ። ሦስተኛው አንተ ነህ። አራተኛውን ደግሞ ራስህ ቅሬው ፊት ተናግረህ አምጣ።

እህትህ
ኢሕሳን