አሜን ስላሉበት የሲሚንቶ መጋዘን

ለተከበሩ የወጣቶች ስብሰባ ሰብሳቢ (ስምዎን ለክብርዎ ስል ትቼዋለሁ)
ቢቸና

የወጣቶች ስብሰባ ብለው ጠርተው፣ በዚህ ዕድሜዬ ወጣት አድርገው ቆጥረውኛል። ይህን በደል ካነሳሁ ዘንዳ፣ ጤናዎ እንደ ንግግርዎ ረጅም እንዲሆን እመኛለሁ።

፩. በቅድሚያ ስለ ኮፍያው አመሰግናለሁ። «ወጣት ሆይ ተነስ» የሚል ነጭ ኮፍያ ደፍተውልኝ ከፊት ወንበር አስቀምጠው ፎቶ አስነስተውኛል። ጉልበቴ ጽሑፉን አላነበበም መሰለኝ፣ ስብሰባው ሲያበቃ ያስነሳኝ የሰው ድጋፍ ነው።

፪. አዳራሹን በእኛ በሽማግሌዎች ሞልተው፣ ወጣቶቹ በመስኮት እንዲሳተፉ ስላደረጉ ምስጋናዬ የላቀ ነው። ከእነሱ መካከል ወደ አዳራሹ የገባችው የልጅ ልጄ እፀገነት ብቻ ናት፤ እሷም ውኃ እንድታድል። የወጣት ማዕከሉ ለምን የሲሚንቶ መጋዘን እንደሆነ ልትጠይቅ እጇን ብታወጣ፣ ውኃ ያለቀባት መስሎዎት ሌላ ካርቶን አስይዘዋታል።

፫. ይህኛው እንኳ ቅሬታ አይደለም። ስብሰባውን እንድመርቅ ድምጽ ማጉያውን ሰጡኝ። በአገራችን ሽማግሌ ሲመርቅ እንደማይቋረጥ ያውቃሉ። ስለዚህ ዝናቡን፣ ከብቱንና አዝመራውን ከመረቅሁ በኋላ፣ ሲሚንቶው ከማዕከሉ እንዲወጣ፣ ቁልፉም እስከ ቅዳሜ ለልጆቹ እንዲመለስ መረቅሁ። እርስዎም እጅዎን ዘርግተው ከሁሉ ጮክ ብለው አሜን አሉ። በመስኮት የቆሙት ቀርጸውታል፤ ቪዲዮው ሞጣ ደርሶ ተመልሷል።

ቅዳሜ አለፈ፤ ሲሚንቶው አለ። የወጣችው እፀገነት ናት፤ ሽማግሌ አሳስታለች ተብላ ከወጣት ማኅበሩ ተሰናብታለች። ፊደል ያለ አስተማሪ የቆጠርኩትን፣ ሟች ባለቤቴ እንኳ በኖረችበት ዘመን ሁሉ ከሐሳቤ ልታነቃንቀኝ ያልቻለችውን ሰው፣ በልጅ ልጁ ምክር የሚሄድ የዋህ አድርገው ስለገመቱኝ በእርጅናዬ አዲስ ጠባይ አግኝቻለሁና አመሰግናለሁ።

ልጅቷን ወደ ማኅበሯ፣ ቁልፉን ወደ ባለቤቶቹ ይመልሱ። እኔ የምለውን ብያለሁ፤ ስለዚህ ነገር ለእርስዎም ሆነ ለሌላ ሰው ዳግመኛ አፌን አልከፍትም።

ንግግርዎ እስኪያልቅ በወንበሬ ላይ ያረጀሁት፣
አዲሱ ወጣትዎ ወልደ ሰንበት ከፋለ

ማስታወሻ፦ ለሚቀጥለው ስብሰባ መራቂ ካስፈለገዎ አልቀርም። ምርቃት የሚያውቅ ሽማግሌ ግን እርግማንም አያጣም፤ እርስዎም ሳያዳምጡ አሜን ማለት ለምደዋል።