ጀልባውና አምቡላንሱ ሳይገናኙ

እማየ፣

ከተለየሽን ሁለተኛው ክረምት ገባ። የርብ ወንዝ ዘንድሮም ሞልቶ ወጥቷል፤ ሜዳው ውሃ ብቻ ነው አሉ። አባየ ደህና ነው፤ ግን ወረታ ገበያ መውጣት ትቷል። ሩዙን የሚያርመው ወንድሜ መልካሙ ነው። ላሚቱም ወልዳለች።

እኔ አሁንም አዲስ አበባ የአውሮፕላን በረራ ተቆጣጣሪ ነኝ። አንድ ጊዜ ለእረፍት መጥቼ ሩዝ ስናርም፣ ወደ ባሕር ዳር ዝቅ የሚል አውሮፕላን በላያችን አለፈ። በባሕርና በበረሃ ላይ ሲሄድ ማን ያየዋል ብለሽ ጠየቅሽኝ። ድሮ ራዳር በማይደርስበት ቦታ አብራሪው በሬዲዮ እስኪናገር ይጠበቅ ነበር፤ ዛሬ አውሮፕላኑ ራሱ ያለበትን ሳያቋርጥ ይናገራል፣ ሳተላይት ተቀብሎ ለተቆጣጣሪው ያደርሳል፤ ስለዚህ አውሮፕላኖቹ ሳይቀራረቡ፣ መንገድም ሳያዞሩ፣ ነዳጅም ሳያባክኑ ይሄዳሉ አልኩሽ። ወገብሽን ይዘሽ ቀና አልሽና «የሰማዩስ መንገደኛ ባለቤት አለው በይኛ» አልሽኝ።

የታመምሽ ቀን መንደሩ በውሃ ተከቦ ነበር። መልካሙ ከጎረቤት ጋር በጀልባ ጭኖሽ አምቡላንስ ወደሚመጣበት አስፋልት ተነሳ። ጉም ወርዶ ዛፉም ድንበሩም ስለጠፋ አቅጣጫ ሳቱ። ስልክ አይሠራም። አምቡላንሱ በሌላ በኩል ቆሞ ሲጠብቅ ዋለ። አስፋልቱ ጋ ሲደርሱ አርፈሽ ነበር። በዚያ ሰዓት እኔ በረሃ የሚያቋርጥ አውሮፕላን ስክሪን ላይ እየተከታተልኩ ነበር፤ ከፍታው፣ ፍጥነቱ ሁሉ ይታየኛል። እናቴ የት እንዳለች የሚያውቅ ግን አንድም ሰው አልነበረም።

ለቅሶ ላይ አክስቴ «ስንቱን ታያለሽ አሉ፤ እሷን ማየት አቃተሽ?» አለችኝ። ክፋት የላትም። እስከ ዛሬ ግን ያንገበግበኛል።

ከዚያ ወዲህ፣ ያለበትን በሳተላይት የሚናገር ትንሽ መሣሪያ ለመንደሩ ጀልባ ይገጠምለት እያልኩ ስንት ቢሮ ደጅ ጠናሁ። አንዱ ሐሳቡ ጥሩ ነው፣ የእኛ ሥራ ግን አይደለም ይለኛል። ሌላው ክረምቱ ይውጣ ይላል። ክረምቱ ሲወጣ ጎርፉም ይረሳል።

በመጨረሻ መልካሙና የመንደሩ ሰዎች ጀልባው በጉም እንዳይስት ከቤታችን እስከ አስፋልቱ ረጃጅም እንጨት ተክለው፣ ጫፉ ላይ ነጭ የማዳበሪያ ከረጢት አሰሩበት። በቅርቡ ምጥ የያዛትን የጎረቤት ልጅ እንጨቱን ተከትለው አድርሰዋት በሰላም ተገላገለች። ደስ ብሎኛል። ንዴቴ ግን አልበረደም፤ እንጨት መትከልማ ያን ጊዜም ይቻል ነበር።

ሊያጽናናኝ የመጣ ሁሉ ቀኗ ደርሶ ነው ይለኛል። አልቀበልም፣ እማየ። ያልደረሰው አምቡላንሱ ነው። መሣሪያውን እስኪገጥሙ ድረስ በየቢሮው ስምሽን እጠራለሁ፤ ከገጠሙም በኋላ እጠራዋለሁ።

ልጅሽ ትርንጎ