የአቶ ገብረወልድ ኑዛዜ በሁለት ደቂቃ

ቡታጅራ፣ ኅዳር 2003

ትርሲትዬ፣ አለሽልኝ? ለቢሯችን እንድመርጥ የተላክሁበትን ውልና ኑዛዜ አዘጋጅ ሶፍትዌር ዛሬ እዚህ አንድ ጠበቃ ዘንድ ሲሠራ አየሁት። ሻጩ «ስም ብቻ ሙሉ፤ በሁለት ደቂቃ ያልቃል» እያለ ይፎክራል። አቶ ገብረወልድ የሚባሉ ሽማግሌ ከሚስታቸው ከወይዘሮ ወለተ ሐና ጋር ለኑዛዜ መጥተው ስለነበር በእሳቸው ተሞከረ። ታተመና ጠበቃው ጮክ ብሎ አነበበው፦ «ፒክአፕ መኪናዬን ለውድ ባለቤቴ ለዛህራ አውርሻለሁ።»

ወይዘሮዋ ብድግ አሉ። «አንተ ሰውዬ፣ ዛህራ ማናት?»

«በማርያም፣ አላውቃትም!» አሉ ባልየው።

ሻጩ በላብ ተጠመቀ። ለካ ሶፍትዌሩ የትናንቱን ደንበኛ ሚስትና መኪና ሳያጠፋ ቀርቶ ኖሯል! ይህን እስክናስረዳቸው ድረስ የአርባ ዓመት ትዳር በር ላይ ቆሞ ነበር።

ሲረጋጉ ጠበቃው «ታዲያ ምኑን ላርመው?» አላቸው። አቶ ገብረወልድ አሰብ አደረጉና «ሴትዮዋን አውጣልኝ፤ መኪናዋን ግን ተዋት» አሉት።

አልገዛሁም። ፖስትካርዱም ሞላብኝ፤ የእናትሽን ጉልበት ሳሚልኝ። ጸሐፊያችን ባሂራ በአሮጌ ፋይል ላይ ስም ስትቀይር ብትሳሳት እንኳ፣ ትዳር ለማፍረስ ቢያንስ ግማሽ ቀን ይፈጅባታል። «አይዞሽ፣ ወንበርሽን የሚነካ የለም» በያት።

ሙባሪክ