የወይራው ሩር

ከሉማሜ በላይ፣ ታኅሣሥ ፲፪ ቀን ፲፱፻፶፯ ዓ.ም.

ይድረስ ለአብሮ አደጌ፤ እንደምን ከርመሃል? የደጀን ንፋስ ጉልበትህን እንዴት አድርጎታል? የልጅ ልጆችህስ? እኔ ከጥርሴ በቀር ሁሉም አለኝ፣ እግዚአብሔር ይመስገን። ወለተ ኪዳን ካረፈች ወዲህ ግን ቤቱም አልጋውም ሰፍቶኛል። ፊደሌ ቢንጋደድ አትሳቅ፤ ጸሐፊ ብጠራ ነገሩ ገበያ ይወጣል ብዬ ራሴ ጫርሁት።

የተማሪ ቤቱ ልጆች ዘንድሮ ገና ሊጫወቱ ነው። በዱላ የሚመቱትን ሩር ሥራልን አሉኝና ከወይራ ጉጥ ጠርቤ ድንጋይ የመሰለ አወጣሁላቸው። መምህሩ ደርቤ ጢሙ ገና ያልጠና ልጅ ነው። በእጁ መዘነና፣ አባቴ፣ ይህ የልጅ ግንባር ይፈልጣል፤ በጨርቅ ላይ ቆዳ እንጠቅልል፣ ዱላውን ከጉልበት በላይ ያነሣም ከጨዋታ ይውጣ አለኝ። እንግዲያማ ጥጥ ይፍተሉ አልሁት። የተሰበሰበው ወላጅ ሁሉ ሳቀ።

ሥራነሽ ግን አልሳቀችም። ባሏ የሞተባት ናት፤ ያላት አንድ ልጅ ነው። እንዲያው አባ፣ በእናንተ ጊዜ በዚህ የተጎዳ ሰው የለም? አለችኝ። አንድም የለም አልሁ፣ በዚያ ሁሉ ሰው ፊት። እርስዎ ካሉማ ይጫወትልኝ ብላ ነጠላዋን አጣፍታ ሄደች።

ወንድሜ፣ ብትሰድበኝ ይሻለኝ ነበር። በማግሥቱ ልጆቹ ለባንዲራ ተሰልፈው፣ እሷም ልጇን አድርሳ ቆማ ሳለች ሄድሁና፣ ትናንት ዋሽቻለሁ አልሁ። የአብሮ አደጌ ግራ ዓይን የፈሰሰው በእንዲህ ያለ ሩር ነው፣ የመታሁትም እኔ ነኝ አልሁ። አንዲት ተማሪ፣ ይቅርታ ጠየቁት? አለችኝ። በገና ጨዋታ ቂም የለም ብዬ መለስሁላት።

አሁን ከመምህሩ ጋር ቆዳ እንሰፋለን። ጠርዙ ፊት ይፍቃል ብሎ ስፌቴን ሁለት ጊዜ አስፈታኝ። ግትር ነው፤ ወድጄዋለሁ።

ለልጅቱ የመለስሁት ግን ለራሴ አልበቃኝም። አንተም አባትህም ጨዋታ ነው ብላችሁ አንድ ቀን አልወቀሳችሁኝም፤ እኔም አርባ ዓመት በዚያ ቃል ተጠለልሁ። ያን ቀን ግቡ በስተቀኜ ነበር። አንተ የቆምኸው በስተግራ ነው። ወለተ ኪዳን ከሜዳው ዳር ሆና ስትስቅልህ አይቼ ነበር።

ለእሷም ሳልነግራት ቀበርኋት።

መልስ ባትጽፍልኝ አልቀየምም። የቀረ ዓይንህን ጌታ ይጠብቅልህ፤ የልጅ ልጆችህን ሰርግ እይበት።

አብሮ አደግህ ነኝ፣ ካልከለከልኸኝ።