የጣልሻቸው ክሮች

ኪንግስተን፣ ሮሊንግተን ታውን
እሑድ፣ ጃንዋሪ 23 ቀን 1994

ለምወድሽ ልጄ ለክሎዴት፣

እንደምን ሰነበትሽ? እኔ ደህና ነኝ ብዬ ልጀምር ነበር፤ ግን ደህና አይደለሁም። ተናድጃለሁ። ጉልበቴ ደህና ነው፣ የደም ግፊቴም ወርዷል፣ የሚያመኝ ንዴቱ ነው። አንቺ በርሚንግሃም ከገባሽ ጀምሮ ከእሱ ጋር ውዬ ከእሱ ጋር ነው የማድረው። ስለ ብርዱና ስለ ሥራሽ በኋላ እጠይቅሻለሁ፤ መጀመሪያ ይሄ ይውጣልኝ።

ክሮቼን ለምን ጣልሻቸው?

የገና ማግስት ከቤተ ክርስቲያን ስመለስ ቤዝ ጊታሬ ሶፋው ላይ ተጋድሞ አገኘሁት። እንጨቱ በዕቃ ማወልወያ ቅባት ታሽቶ ያብለጨልጫል። አራት አዳዲስ ክሮች ተወጥረውበታል። አንቺም እጅሽን ወገብሽ ላይ አድርገሽ «አባዬ፣ እየው! እንዴት ነው?» አልሽኝ። ክሮቹን የሸጠልሽ የበርሚንግሃም ባለሱቅ «ክር ቶሎ ቶሎ ካልተቀየረ ይሞታል» ብሎሻል። የድሮዎቹ ጠቁረው ነበር፣ ከሥራቸው የቆሸሸ ስፖንጅ ተወትፎ ነበር፣ «ይሄን ሁሉ ዓመት እንዴት ቻልከው?» አልሽ። እኔስ በዚያ ሁሉ እንግዳ ፊት ምን ልበል? ጎረቤታችን ሚስ አይሲልዳ የሶረል መጠጧን ይዛ እላዬ ላይ ቆማለች። «እጅሽ ይባረክ» አልኩሽ። ጥርሴን ነክሼ ነው ያልኩሽ። አሁን ጥርሴን ለቅቄዋለሁ።

ያ ሻጭ ለአገሩ ልክ ይሆናል። ክር ይሞታል ካለሽ፣ እኔ እኮ የምፈልገው የሞተውን ነው! በእኛ ሙዚቃ ቤዝ አይጮህም፤ ደረት መትቶ ወዲያው ዝም ይላል። ለዚያ ደግሞ ክሩ ዓመት ከዓመት የጣት ላብና ቅባት መጠጣት አለበት። በዚህ ከተማ ቤዝ የሚጫወት ሰው ክሩ እስኪበጠስ አይነካውም፣ የሌላውንም ሰው ክር አይነካም። አንቺ እዚህ ቤት ያደግሽ ልጅ ነሽ። ይሄን ለአንቺ መንገር አለብኝ?

እነዚያን ክሮች ያሰራቸው ደግሞ ወንድምሽ ኔቪል ነው። የመጨረሻው ሥራው ነበር። አንቺ የላክሽለት የክሪኬት ጓንት ሲቀደድበት ውስጡን ፈልቅቆ ስፖንጁን አወጣና ቆርጦ ክሮቹ ከሚያርፉበት ብርኩማ አጠገብ ከሥራቸው ወተፈው። «አባዬ፣ አሁን ስማው» ብሎ ወፍራሙን ክር አንድ ጊዜ ሲመታው የመስኮቱ መስታወት ተንቀጠቀጠ፤ ድምፁ ግን ሳይጎተት እዚያው ተዋጠ። ሁለታችንም ሳቅን። ከዚያ ወዲህ መቃኛውን አዙሬ ካልሆነ በቀር አልነካካሁትም። ያ አውቶቡስ ገጭቶ ልጄን ከወሰደብኝ በኋላማ ጭራሽ አቧራውን እንኳ የምጠርገው በትንፋሼ ነበር።

እስከዚህ ድረስ እንኳ እችለው ነበር። ይኸውልሽ ግን፣ አንቺ በሄድሽ ሰሞን ኡራያ መጣ። ኡራያን መቼም አትረሺውም፣ የባንዳችን ዘፋኝ፣ ትንሽ ሳለሽ ማንጎ እየሰረቀ የሚያመጣልሽ። «ላስልስ፣ የድሮዎቹን ዘፈኖች በድሮዎቹ ሰዎች እንደገና እንቅዳቸው የሚል ሰው ተገኝቷል። ተነሥ!» አለኝ። ስቱዲዮ ከገባሁ ስንት ዘመኔ! እኔም ከዚህ በኋላ ሌላ ጥሪ አልጠብቅም፣ የኡራያም ድምፅ እየሄደ ነው። ሸሚዜን አስተኩሼ ያለፈው ሳምንት ቅዳሜ ሄድኩ።

ሰካሁት። መታሁት። ኡራያ መነጽሩን አወለቀ።

«ምንድን ነው እሱ? የማንኪያ መሳቢያ ነው የከፈትከው?»

ከበሮ መቺው በሳቅ ሞተ። ቀጂው ቀጭኑን ድምፅ የሚቀንሱ ቁልፎችን ሁሉ አዞራቸው፤ ምንም። ክሩ ያፏጫል፣ ጣቴ በተንሸራተተ ቁጥር ይንጫጫል። «ልጄ ናት፣ ከእንግሊዝ መጥታ ልታስደስተኝ ብላ...» ብዬ ስጀምር ኡራያ አላስጨረሰኝም።

«እንግሊዝ የነካው ሁሉ እንዲህ ነው፣ ያፏጫል። ስማ ወንድሜ፣ እወድሃለሁ፣ ግን ይሄን ይዤ አልዘፍንም። እስከሚመጣው ቅዳሜ የራስህን ድምፅ ይዘህ ና። አለዚያ ቤዙን በኪቦርድ የሚመታ ጎረምሳ አዘጋጅተውልናል።»

በኪቦርድ! እኔ የፈጠርኩትን ምት፣ ሰው ሠርጉ ላይ የጨፈረበትን ምት፣ አንድ ጎረምሳ በሌባ ጣቱ ጠቅ ጠቅ ሊያደርገው። ቆሽቴ አረረ። ቤት እስክደርስ ስምሽን እየጠራሁ ነበር፣ ታክሲው ውስጥ ሰው ሁሉ ዞሮ ዞሮ ሲያየኝ።

ከዚያ በኋላ ያልሞከርኩት የለም። ዓሣ ጠብሼ እጄን ሳልታጠብ ቀኑን ሙሉ አዲሶቹን ክሮች አሸሁ፤ የተረፈኝ ድመቷ ከጊታሩ ጋር መተኛቷ ብቻ ነው። የዕቃ ማጠቢያ ስፖንጅ ገዝቼ ወተፍኩበት፤ ድምፁ ታፈነ እንጂ ደረት አልመታም። አሮጌ ካናቴራዬን አጥፌ ከሥሩ ሸጎጥኩ፤ እሱም አልሆነም። በመጨረሻ ቆሻሻ ወደምንደፋበት ወደ አጥሩ ጥግ ሄጄ መቆፈር ጀመርኩ። በዚህ ዕድሜዬ፣ ክሎዴት፣ በአራት እግሬ።

ቀና ስል ሚስ አይሲልዳ በአጥሩ በላይ ታየኛለች።

«ምን ጠፍቶብህ ነው፣ ሚስተር ፒኖክ?»

ከጀርባዋ ዱባ መሳይ የቾቾ ሐረጓ በእንጨት ላይ ተሰቅሏል። ሐረጉ የታሰረበት ነገር ጥቁር ነው፣ የተጠማዘዘ ነው፣ አውቀዋለሁ።

«አይሲልዳ፣ ያ የእኔ ክር ነው!»

«ያንተ ከሆነ ቆሻሻ ላይ ምን ይሠራል?»

«ልጄ ናት የጣለችው!»

«እኔ ደግሞ ያነሣሁት። ቾቾዬ አንዴ ተደላድሎ ይዟል፣ አልፈታውም። ባለፈው ዓመት ፍየልህ ባቄላዬን ስትጨርሰው ማን ጠየቀኝ?»

ዓይኔን በጨው አጥቤ ለመንኳት። ስለ ፍየሏ ይቅርታ ጠየቅኩ። ወዲያው እሷም «አዲሶቹን ስጠኝና ውሰድ፣ የሚያብለጨልጩትን» አለች። ተስማማን። አሁን የሚስ አይሲልዳ ቾቾ አንቺ በሻንጣሽ ባመጣሽው የእንግሊዝ ክር ታስሮ ቆሟል፣ መንገደኛ ሁሉ ያደንቀዋል። ቀጭኑን ክር በጉጠት ለሁለት ቆርጣው ነበር፤ እሱን ተውኩት፣ ድሮም ብዙ አልነካውም። ሦስቱ ግን ደህና ናቸው።

«ስፖንጁስ? ከእነሱ ጋር አንድ ቁራጭ ስፖንጅ ነበር» አልኳት።

ፊቷን ወደ ሐረጉ አዞረች። ቅጠል መልቀም ጀመረች።

«ሚስተር ፒኖክ፣ በቤተሰብ ነገር አልገባም ብዬ ነው። የገና ማግስት ልጅህን ከጓሮ ደረጃው ላይ ተቀምጣ አየኋት። ያን ስፖንጅ ይዛ ታገላብጠዋለች። ከዚያ ታሸተዋለች። ከዚያ አፏን በቀሚሷ ይዛ ማልቀስ ጀመረች። ሽንኩርት ልጣ ነው ብዬ ነበር፣ ሽንኩርት ግን የለም። ክሮቹን ጥላ እሱን ኪሷ ውስጥ ከተተችው።»

የያዝኩትን ክር ይዤ እዚያው ቆሜ ቀረሁ።

አወቅሽው ማለት ነው። የጓንቱ ቀይ ገበር አንዱ ጫፍ ላይ ተጣብቆበት ነበር፤ ጓንቱን የመረጥሽለት አንቺ ነሽ፣ እንዴት አታውቂው? አውቀሽ ወሰድሽው። እንግዶቹ ፊት «የቆሸሸ ስፖንጅ» ስትዪ ኪስሽ ውስጥ ነበር። ክሮቼን ጣልሽ፣ ስፖንጄን ሰረቅሽ፣ «እጅሽ ይባረክ» አስብለሽኝ ሄድሽ። ይሄን የሰማሁ ዕለት ምሳ አልበላሁም፣ እንዲህ ተናድጄ አላውቅም።

ከጀመርኩ አይቀር ሁሉንም ልበለው። ወንድምሽን ስቀብር አልመጣሽም። የመኖሪያ ወረቀትሽ አላለቀም ነበር፣ ከወጣሽ መመለሻ አልነበረሽም፤ አውቃለሁ። ለጠየቀኝ ሁሉ ስለ አንቺ ያስረዳሁት እኔው ነኝ፣ ለፓስተሩም ጭምር። ግን አፈር ሲለብስ አጠገቤ ሰው አልነበረም፣ ክሎዴት። ሰው ሞልቶ ሰው አልነበረም። በአንቺ ልናደድ በወረቀቱ ልናደድ አላውቅም፣ እስከ ዛሬ አንዱንም አልመረጥኩም።

ትናንት ቅዳሜ ሦስቱን ክሮች አስሬ ስቱዲዮ ሄድኩ። በስፖንጁ ቦታ የኔቪልን ካልሲ አጥፌ ወተፍኩ። ወፍራሙን ክር መታሁት። ኡራያ ዓይኑን ጨፍኖ ሰማና «ሰውዬው ተመልሷል» አለ። ጎረምሳው ኪቦርዱን ሸፍኖ ወጣ። ሁለት ዘፈን ቀዳን። ስንወጣ ግን ኡራያ ክንዴን ይዞ «ትንሽ ይጎተታል፣ አይደል?» አለኝ። ጆሮው አይሳሳትም። ይጎተታል። ካልሲው እንደ ስፖንጁ አይውጠውም። የቀሩትን ዘፈኖች ከፋሲካ በፊት እንጨርሳለን።

ስለዚህ ያለ ስፖንጁ አይሆንልኝም። ይሄን ደብዳቤ መጻፍ የጀመርኩት «ባስቸኳይ መልሺ» ልልሽ ነበር፣ ከዚያም የባሰ ቃል አዘጋጅቼ ነበር። ግን እዚህ ስደርስ ያ የጓሮ ደረጃ መጣብኝ። እኔ ካልሲው አለኝ፣ ሸሚዞቹ አሉኝ፣ አልጋው አለ፣ በየሳምንቱ የምሄድበት መቃብር አለኝ። አንቺ እዚያ ምን አለሽ?

በጥሩ መቀስ ለሁለት ቁረጪው። ቀዩ ጨርቅ ያለበት በኩል ያንቺ ነው። ሌላውን ላኪልኝ፤ ክሬ ሦስት ብቻ ስለሆነ ግማሹ ይበቃኛል።

ጌታ ከዚያ ብርድ ይጠብቅሽ፣ ሌሊት ስትሠሪ ከጎንሽ አይለይ። «እጅሽ ይባረክ» ያልኩሽንም አልመልሰውም፤ በተነከሰ ጥርስም ቢሆን ብዬዋለሁ። አሁንም ግን ተናድጃለሁ፣ እወቂው።

አባትሽ
ላስልስ ፒኖክ

እንዳታጥቢው።