ቀለም የነካ ጣት

ይድረስ ለዳማ ባላጋራዬ፣

ከትናንት ጀምሮ ድንጋጤው አልለቀቀኝም። ልጄ ጢሜን ላስላጭህ ብላ ሰፈሯ ወዳለው ፀጉር ቤት ወሰደችኝ። ፀጉር አስተካካዩ አንዱን ጉንጬን ላጭቶ፣ ሌላውን በሳሙና አረፋ እንደሸፈነው ሰዓቱን አየና ምላጩን አስቀምጦ ሮጠ! "ምን ነካው?" ብዬ ብጮህ ልጄ ሳቀች። "አባዬ፣ ምርጫ ነው እኮ። ጣቢያው ሊዘጋ ነው፤ እዚህ አገር ያልመረጠ ይቀጣል።"

ሰው እንዴት በግድ ይመርጣል? እኛ ጋ የፈለገ ይሄዳል፣ ያልፈለገ ይቀራል። እግዜር እንኳን ያላስገደደውን ሰው ማን ያስገድደዋል እያልኩ ስብከቴን ሳልጨርስ፣ ሰውዬው ላቡን እየጠረገ ተመለሰ። "ይቅርታ አባት፣ ባያስገድዱኝ ስንፍናዬ መች ያስኬደኝ ነበር" አለ፤ ልጄ ተረጎመችልኝ። አገጬን ሲይዝ፣ ቀለም የነካ ጣቱን በመስታወቱ አየሁት። ክው አልኩ።

ያን የአገራችንን ምርጫ ቀን ታስታውሳለህ። ባለቤቴ በታመመ እግሯ ሄዳ ስትሰለፍ፣ እኔና አንተ ዳማ ስንጫወት ዋልን። ቤት ስገባ "መረጥክ?" ብትለኝ፣ በአንተ እስክሪብቶ የቀባሁትን ጣቴን አሳየኋት። አምናኝ ደስ አላት። እንዳመነችኝም ይህችን ዓለም ተሰናበተች።

ማስገደዱ ልክ ይሁን አይሁን አላውቅም። እኔ ግን በነፃነቴ የሠራሁት ይህንን ነው። ከትናንት ወዲህ ለጸሎት ስቆም የሚታየኝ ያ ጣቴ ነው።

ወረቀቱ ላይ ቦታ አለቀብኝ። ልጆቹን ሳምልኝ። ለባለቤትህ ሰላምታዬን አድርስልኝ፤ በመጪው ምርጫ ለብቻዋ እንዳትልካት። እኔም መጥቼ ከኋላችሁ እሰለፋለሁ።