አሥር በርጩማ፣ ሠላሳ አራት እግር

ይድረስ ለልጄ፤ እንደምን ከርመሃል? እኔ አባትህ ጉልበቴ ቢንቋቋም እንደ በር መቃን ቆሜአለሁ።

የምትጽፍልኝ የማታ ተማሪዋ ሚስትህ ናት። ትናንት፣ "አባባ፣ አሥር በርጩማ አለ። ባለ ሦስት እግሩ ስንት፣ ባለ አራቱ ስንት ነው?" አለችኝ።

"አናጺ እንዲህ አይጠየቅም! እግሩ በድምሩ ስንት ነው?"

"ሠላሳ አራት።"

እሷ በባለ ሦስቱ ቦታ "አሥር ሲቀነስ ባለ አራቱ" ብላ እየተካች ደብተር ስትሞላ፣ እኔ ሁሉንም በሦስት እግር አቆምኳቸው። አራት እግር ተረፈኝ። ስለዚህ አራቱ ባለ አራት፣ ስድስቱ ባለ ሦስት ናቸው። እሷም ዘግይታ እዚያው ደረሰች።

"እግሩን ባልነግርዎ ግን አያገኙትም ነበር" አለችኝ። እውነቷን ነው።

ያንተም ደብዳቤ አንድ መስመር ነው፦ "ደህና ነኝ፤ የምሠራበት እንጨት መሰንጠቂያ ሥራ ሞልቶታል።" ፊደል ባልቆጥርም የልጄን ጽሑፍ አውቃለሁ። ይኼ የሌላ ሰው ነው። ለሌላ ያስጻፈህ ስንፍናህ ይሆናል። ከዚያ ወዲህ መሮ አልጨበጥልህ ብሎኛል፤ ፖስታ ቤት ሦስቴ ሄድኩ።

ለብርዱ ጓንት ላሰፋልህ ነው። መዳፍህን ወረቀት ላይ ዘርግተህ፣ ዙሪያውን አስምረህ ላክልኝ። ቀኙንም ግራውንም፣ ጣቶችህን ከፋፍተህ። ሚስትህ እርሳሷን አቁማ ታየኛለች፤ ጻፊ አልኳት።

ሁለመናህን ይጠብቅልኝ። ፊርማዬ እንደ ድሮው አውራ ጣቴ ነው። አንተም የራስህን አውራ ጣት አትመህ ላክልኝ።

አባትህ